ሰሊጥ አጫጇን የሠራሽው አንቺ ነሽ

ለትርንጎዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። "እንደምን ነሽ?" ብዬ እንዳልጀምር፣ አንቺ ያለሽበት ቦታ ደኅንነት እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም። እኛ ግን ደህና ነን። ልጃችን እመቤት ደህና ናት፤ ቁመቷ ተመዞ አምና ያሰፋሁላት ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል። እኔም አለሁ፤ ወባውም፣ ሙቀቱም፣ ስብሰባውም አልገደለኝም። ይህን ደብዳቤ በእጄ ነው የምጽፈው። ኮምፒዩተሩ አማርኛ አያውቅም፤ ቢያውቅም ኖሮ ላንቺ የሚጻፈውን ለእሱ አልሰጠውም ነበር። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው እንደሚመስል ታውቂያለሽና ታገሺኝ።

ደብዳቤውን ላንቺ ብጽፈውም አንቺ ብቻ አታነቢውም። ነገ ጠዋት እዚሁ ገንዳ ውሃ፣ ጽሕፈት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። የበደልኩሽ በሰው ፊት ነውና በደሌን የማምነውም በሰው ፊት ሊሆን ይገባል። ነገሩ የሥዕሉ ነገር ነው። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የሰሊጥ አጫጇን ሥዕል ሰው ሁሉ የእኔ ሥራ አድርጎ ያውቀው ነበር፤ የማን እንደሆነ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንቺን የማያውቅ ሰው ቢያነበው እንዳይደናገር፣ የምታውቂውንም ጭምር ከሥሩ ጀምሬ እተርካለሁ። ሲሰለችሽ እንደ ልማድሽ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያልሽ አጣድፊኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። የተከልሻት የኒም ዛፍ ጣራውን አልፋለች። ጥላዋ እስከ ራኩባው ዳስ ስለሚደርስ፣ እንዲህ እንደ አሁኑ የሚያዝያ ሙቀት ሲጠና አንገረቡን፣ የጠፍር አልጋችንን፣ አውጥተን ከሥሯ እንጋደማለን። ፍየልሽ መንታ ወለደች፤ አንዱን ጅብ ወሰደው፣ የተረፈው ደግሞ የጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ እያወረደ ይበላል፤ የምሰደበው ግን እኔ ነኝ። ድንበሩ እንደ ወትሮው ሲከፈትና ሲዘጋ ነው። ክር የምትገዢባቸው ሽማግሌው ነጋዴ፣ ሐጂ እድሪስ፣ ከሱዳን በኩል የጥልፍ ክር በመጣ ቁጥር አሁንም ቀዩንና ወይን ጠጁን ለብቻ ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን "ለማን ነው የሚያስቀምጡት?" ብላቸው፣ "እጄ ለምዶ ነው፣ ልጄ" አሉኝና ወደ ጓዳ ገቡ። ክሩን ግን ከሌላው ጋር አልቀላቀሉትም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ኮምፒዩተሩን ያመጣው የሰሊጡንና የጥጡን ምርት የሚያጠና ፕሮጀክት ነበር። ከጎንደር በጭነት መኪና፣ በፍራሽ ተጠቅልሎ፣ እንደ ታማሚ ተደግፎ ነው የገባው። እኔ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኜ የተመለስኩበት ጊዜ ነው። በዚህ ቆላ ኮምፒዩተር የሚነካ ሰው እኔ ብቻ ስለነበርኩ መሬት አልበቃኝም። ቤት ገብቼ የዘነበውን ዝናብ ልክ በአረንጓዴ ፊደል ቁልጭ አድርጎ እንደሚያሳይ ስተርክልሽ፣ አንቺ ሰሊጥ እየነፋሽ ነበር። ከወንፊቱ ቀና እንኳ ሳትዪ "ታዲያ ገበሬው ሲዘንብ አላየም?" አልሽኝ። ያን ቀን ተቀይሜሽ አደርኩ።

አቧራው ማሽኑን ሊጨርሰው ሆነ። ሥራ አስኪያጃችን መስኮቱን ሲያዘጉት ሙቀቱ ይነሳል፣ ሲያስከፍቱት አቧራው ይገባል፤ "ይህ ዕቃ ቢበላሽ የምንጠየቀው እኔና አንተ ነን" ይሉኝ ነበር። በእኛ አገር የተከበረ ዕቃ ሁሉ ልብስ አለው። ሬድዮው ጥልፍ ይለብሳል፣ ሻንጣው ጥልፍ ይለብሳል፣ የውሃ ማሰሮው እንኳ አፉ ላይ ዳንቴል ይጣልለታል። ስለዚህ ለኮምፒዩተሩም ልብስ ይሰፋለት ተባለ፤ በከተማው ካንቺ የተሻለ ጠላፊ ስላልነበረ የተጠራሽው አንቺ ነሽ። ሲባጎ ይዘሽ ልኩን ልትወስጂ መጣሽ።

የማሽኑን ወገብ በሲባጎ ስትለኪ ማተሚያው የወሩን ሪፖርት ማተም ጀመረ። ደንግጠሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልሽ፤ ከዚያ ቀርበሽ አጎነበስሽ። የማተሚያው ራስ እየተንጫጫ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ወረቀቱ አንድ መስመር ከፍ ይላል፣ እንደገና ይሄዳል። የሪፖርቱን ክፍሎች ለመለየት የኤክስ ፊደል እየደረደርን እናትም ነበር። ጣትሽን ድርድሩ ላይ አሳረፍሽና "ይኼማ መስቀልያ ጥልፍ ነው! እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ጥልፍ ነው እንዴ የምትሠሩት?" አልሽ። ሥራ አስኪያጁ ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩብሽ፤ የተማርኩት ሙያ ከመርፌ ጋር ሲቆጠር ክብሬ የተነካ መሰለኝ።

ለማያውቀው ሰው፣ መስቀልያ ጥልፍ ማለት የጨርቁን ክር እየቆጠሩ ትንንሽ መስቀል የሚወጉበት ነው። አበባውም ወፉም የሚወጣው መስቀሉ ካረፈበትና ባዶ ከተተወው ቦታ ነው። አንቺ ያየሽው ይህንን ነበር፤ ማሽኑም እየቆጠረ መሙላትና መተው እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም። እኔ ሦስት ወር ተምሬ ያላየሁትን አንቺ ሲባጎ ይዘሽ ቆመሽ አየሽው።

ከሙቀቱ ለመቅደም ሥራ የምንጀምረው ማለዳ ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ ይበተናል። ጄኔሬተሩ ግን ለጽሕፈት ቤቱ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ሲባል እስከ ስምንት ሰዓት ይሠራል። ምሳዬን ይዘሽ የምትመጪው በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ነበር። በሩ ላይ "ከሠራተኛ በቀር ኮምፒዩተሩን መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ተለጥፏል። ፊደል በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው አንቺ፣ ጮክ ብለሽ፣ አንድም ሳትስቺ አነበብሽው። ከዚያ ወንበር ስበሽ ተቀመጥሽ።

መጀመሪያ አንቺ ትቆጥሪ ነበር፣ እኔ እመታለሁ። "ሦስት መስቀል፣ ሁለት ባዶ፣ አንድ መስቀል፣ ውረድ።" የትራስ ልብሳችን ላይ ያለችውን እርግብ እንዲህ እያልሽ አስመታሽኝ። ስናትማት ግን አንገቷ ተመዞ፣ እግሯ ረዝሞ ወጣች። ደግመን ቆጠርን፤ አንድም መስቀል አልሳትንም። "እርግብ ባዝዝህ ያንን ባለ ረጅም እግር አባ ኮዳ አመጣህልኝ!" ብለሽ እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። እኔ ማሽኑን አበላሸሁት ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

ወረቀቱን አጣጥፈሽ ቤት ይዘሽው ሄድሽ። በማግስቱ ስትመጪ መልሱን ይዘሽ ነበር። "የጨርቅ መስቀል ቁመቱም ጎኑም እኩል ነው፤ ያንተ ፊደል ግን ቀጭን ረጅም ነው። ወደ ጎን ሁለት ሁለት እያደረግህ ምታው" አልሽኝ። ሁለት ሁለት አድርጌ መታሁት። እርግቧ እርግብ ሆነች። ያን ቀን እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያየሁሽ።

ከዚያ በኋላ ወንበሩን አስለቀቅሽኝ። የምትመቺው በሌባ ጣትሽ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ጣቶች መርፌ እንደያዘ ሰው ሰብስበሽ። ከመሀል አንድ መስቀል ስትጨምሪ መስመሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ሲንሸራተት ትናደጂ ነበር። "መርፌ አንድ ቦታ ቢወጋ ጎረቤቱን አይገፋም! ይኼ ምን ዓይነት ባለጌ ነው!" ትዪ ነበር። በላዩ ላይ የሚመታበትን ቁልፍ ሳሳይሽ ከማሽኑ ጋር ታረቃችሁ። አጥብቀሽ የወደድሽለት መፍታቱን ነበር። ከጨርቅ ላይ የተሳሳተ ጥልፍ ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል፤ እዚህ ግን ሲጠፋ ምልክት አይተውም።

የሠራነውን ዲስክ ላይ ማስቀመጥን "መቋጠር" አልሽው። አንድ ቀን ሳንቋጥር ጄኔሬተሩ ጠፍቶ የጀመርናት ጣዎስ ጅራት በሙሉ ሄደብን። የምታለቅሺ መስሎኝ ነበር። "ክሩን ሳይቋጥር የሚነሳ ጠላፊ የሚገባው ይኼው ነው" ብለሽ ሰሃንሽን ሰብስበሽ ወጣሽ፤ በማግስቱ ጅራቱን ከሀ ጀመርሽው። ከዚያ ወዲህ ጄኔሬተሩ ባሳለ ቁጥር "ቋጥረው! ቋጥረው!" እያልሽ ክንዴን ትደበድቢኝ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ የጄኔሬተሩ ድምፅ ሲቆራረጥ ክንዴን እሰበስባለሁ።

ሥራ አስኪያጁ የረሱትን ቁልፍ ሊወስዱ ድንገት የተመለሱበት ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ደርቄ ቀረሁ። አንቺ ግን ሲባጎውን ከመቀነትሽ መዘዝ አድርገሽ "ልብሱ ጠቦት ነው፣ ጓድ፤ ልለካው ነው" አልሻቸውና ኮምፒዩተሩን እንደ ሙሽራ ታዞሪው ጀመር። እሳቸውም "ሰፋ አድርጊለት" ብለው ሄዱ። ሳቃችንን አፍነን፣ እኔ ጠረጴዛው ላይ በግንባሬ ተደፍቼ፣ አንቺ ነጠላሽን ነክሰሽ። ከዚያ ቀን የበለጠ የሳቅሁበት ቀን አላስታውስም።

ያተምናቸው ንድፎች ከቤት ወጥተው መዞር ጀመሩ። ሴቶቹ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ኤክሱን እየቆጠሩ ይጠልፉ ነበር፤ ስሙንም "የኮምፒዩተር ጥልፍ" አሉት። ግን ለወረቀቱ ብለን ሁለት ሁለት የመታነውን፣ እነሱ እንዳለ ቆጥረው ጨርቅ ላይ ሲወጉት እርግቧ በጎን ደለበች። ከጎረቤት ሦስት ሴቶች በአንድ ሳምንት ሦስት ዳክዬ ጠልፈው አመጡልሽ። ከዚያ በኋላ በሚወጣው ወረቀት ሁሉ ግርጌ፣ በእርሳስ፣ "ሁለቱ አንድ ነው" ብለሽ ትጽፊ ነበር።

አንድ ጊዜ ለሥራ ገለጉ ከተማ ሄጄ ባደርኩበት ቤት አልጋ ላይ ያችን የደለበች እርግብ አገኘኋት። ባለቤቲቱ ከየት እንደመጣች አታውቅም፤ የሾፌር ሚስት ንድፉን ሰጠችኝ ብቻ አለችኝ። "የሚስቴ ሥራ ናት" ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ያኔም ተውኩት፣ ልብ በዪልኝ። ደንቡን ፈርቼ ነው እንዳልል፣ ገለጉ ላይ ደንቡን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት ምርቱ ተሰብስቦ ሲያልቅ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ "ኮምፒዩተሩ ከቁጥር ሌላ ምን እንደሚችል አሳያቸው፤ ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል አውጣ" አሉኝ። አንድ ሳምንት ለብቻዬ ታገልኩ። ትራክተር ልሥራ ብዬ የዶሮ ቆጥ ሠራሁ። አንቺ አየሽው፤ አልሳቅሽም፤ አለመሳቅሽ ባሰብኝ። በማግስቱ የእመቤትን ባለ ካሬ ደብተር ይዘሽ መጣሽ።

የሣልሻት ሴት ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደች ነበረች። ጥቅምት ላይ ውሃ ልትጠይቅ ቤታችን ገብታ ራኩባው ሥር ግማሽ ቀን አርፋለች። ስሟን ነግራሽ ነበር፤ እኔ አልጠየቅኋትም። አንቺ ሜዳው መሀል አስቀመጥሻት፤ የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ እስኪደርቅ ከሚቆምበት ክምር፣ ከሂላው ሥር፣ ጀርባዋን አስደግፈሽ፣ ራሷን በጨርቅ አስረሽ፣ ማጭዷን ጭኗ ላይ አድርገሽ። ሦስት ዓይነት ክር እንዳለሽ ሁሉ ሦስት ፊደል መረጥሽ፤ ለጥላው ኤክስ፣ ለፊቷና ለእጇ ኦ፣ ለሰማዩ ነጥብ።

ስድስት ሳምንት ፈጀብሽ። በስድስት ረጃጅም ወረቀት አትመን በዱቄት ሙጫ ጎን ለጎን አያያዝነው። ከቅርብ ሲያዩት ፊደል ብቻ ነው፤ እስከ በሩ ወደ ኋላ ሲሄዱ ሴትየዋ ትመጣለች። አፏ ጥግ ላይ ያለችው ድካም ከሦስት ኦ እና ከአንድ ባዶ ቦታ የተሠራች ናት። ያችን ባዶ ቦታ ለማግኘት ሦስት ቀን ስትሞዪ ስትፈቺ ከርመሻል። እኔ የሠራሁት ወረቀቱን መቅደድና ሙጫውን መቀባት ነው፤ ሙጫውንም ቢሆን ያፈላሽው አንቺ ነሽ።

እንግዶቹ መጡ። ከሥዕሉ ፊት ቆሙ፣ ቀረቡ፣ ራቁ። ትልቁ እንግዳ "ማን ነው የሠራው?" ብለው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ አዩ። አንቺ ከሴቶች ማኅበር ጋር ከኋላ ቆመሻል፤ እመቤት ቀሚስሽን ይዛለች። እኔም "እኔ ነኝ፣ ጓድ" አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ዞሬ ሳይሽ አንቺም ታጨበጭቢያለሽ።

እውነቱን ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፣ ከዚያም የባሰ ይመጣል፤ ለራሴ ስነግረው የከረምኩት ይህንን ነው። ውሸት አይደለም፤ ያልተፈቀደለት ሰው የመንግሥት ማሽን ነካ ማለት በዚህ ጊዜ ምን እንደሆነ ይህን የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ሙሉው እውነት ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነው። ሰው የሌላውን እንጀራ በልቶ ይጠግባል እንዴ? እኔ ጠግቤያለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ "እንኳን ደስ ያለህ፣ ጌታው" አልሽኝ፤ ቀጥለሽም የፍየሏ እግር ማነከሱን አነሳሽ። የተሰጠኝን የምስጋና ወረቀት በመስታወት አስገብቼ ከሬድዮው በላይ ሰቀልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ትጠርጊው ነበር። በኋላም እንደ ደንቡ ልብስ ሰፋሽለት፤ ነጭ አቡጀዲ፣ አንድም ጥልፍ የሌለበት። በእጅሽ ያለ ጥልፍ የሰፋሽው ብቸኛ ነገር እሱ ነው። ቸኩለሽ ነው ብዬ አልፌው ነበር።

ወባው የያዘሽ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሳይደርቅ ነው። ወደ ጎንደር የምትወጪበት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ሌላም አልነበረም። በትኩሳቱ መሀል ትቆጥሪ ነበር። "ሁለት መስቀል፣ አንድ ባዶ፣ ውረድ።" እጅሽን ይዤ አጠገብሽ ተቀምጫለሁ፤ ይቅር በዪኝ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቷል። ነገር ግን ይቅርታ የሚጠየቀው የሚሞት ሰው ነው ብዬ ፈራሁ፤ ብጠይቅሽ ሞትሽን የፈረምኩበት መሰለኝ። ስትድኚ እጠይቅሻለሁ አልኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አረፍሽ።

ከዚያ ወዲህ ሰው "ሠዓሊው" ይለኛል። ሌላ ሥዕል አውጣ ባሉኝ ቁጥር የማተሚያው ሪባን አለቀ፣ ወረቀት የለም እላለሁ። ሪባኑም አለ፣ ወረቀቱም ሞልቷል። ምሳ ሰዓት ላይ አንዳንዴ ብቻዬን ተቀምጬ ዲስኩን እከፍትና የሠራሽውን መስመር በመስመር አወርደዋለሁ። ይህ መስመር ጋ ምን እንዳልሽኝ፣ ያኛው ጋ በምን እንደተጣላን አስታውሳለሁ። ይናፍቀኛል። ድርቆሽ የያዘው ሰሃን ይናፍቀኛል፣ የማሽኑ ሙቀት ይናፍቀኛል፣ ስድቡ ይናፍቀኛል። ሁለት ሰዓት የማትሞላ ያች የቀትር ጊዜ የዕድሜዬ ትልቁ ደስታ እንደነበረች ያኔ የነገረኝ የለም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት እመቤት ደብተሯን ይዛልኝ መጣች፤ መምህሯ ስለ ወላጆቻችሁ ጻፉ ብሏቸው ነበር። "እናቴ ወጥ ትሠራ ነበር። ልብስም ትሰፋ ነበር። አባቴ በኮምፒዩተር ሥዕል ይሠራል። ሥዕሉ ትልቅ ነው።" ከሥሩ በቀይ "ጎበዝ" ተብሎበታል።  ሰው ሁሉ ቢሳሳት ግድ የለኝም ነበር፤ ይህች ልጅ ግን አድጋ ልጆች ስትወልድ ስለ አያታቸው የምትነግራቸው ይህንን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ወጥ ትሠራ ነበር።

አንገረቡ ላይ አጠገቤ አስቀመጥኳት። "እመቤት፣ ሰሊጥ አጫጇን የሠራችው እናትሽ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም" አልኳት። ትደነግጣለች፣ ታኮርፈኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ግራና ቀኝ አየች፤ ሰው መኖር አለመኖሩን ነበር የምታየው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ "አውቃለሁ፣ አባዬ። እማዬ 'ለማንም እንዳትነግሪ፣ አባትሽን ያስሩብናል' ብላኛለች" አለችኝ።

ትርንጎዬ፣ ልጅቷ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አሁን ዘጠኝ ነው። አንቺን ቀብራ ስትመለስ ይህን ነገር በሆዷ ይዛ ነው የተመለሰችው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው የእኔን ጥበብ ሲያወራ ሰምታ ዝም ብላለች። መምህሯ ጻፊ ሲላት አባቷ እንዳይታሰር ብላ እናቷን ከሥዕሉ አውጥታ ጻፈች። እኔ ልጄ እውነቱን አታውቅም ብዬ ነበር የማፍረው፤ ለካ የእኔን ውሸት ተሸክማ የምትኖረው እሷ ናት። አልቅሼ አላውቅም እላት ነበር፤ ያን ቀን ፊቷ አለቀስኩ።

አየችኝና "ታዲያ አሁን መናገር ይቻላል?" አለችኝ። ይቻላል አልኳት። "ለሁሉም ሰው?" ለሁሉም ሰው አልኳት። ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ ተነስታ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ሮጠች። ከጎረቤት ግቢ ድምጿ ሲመጣ ሰማሁት፤ "ሥዕሉን የሠራችው የእኔ እናት ናት! የእኔ እናት ናት!" ከዚያ ከቀጣዩ ግቢ፣ ከዚያ ከማዶ፤ አንድም ቤት የዘለለች አይመስለኝም። እንደዚያ ስትጮህ ካንቺ ሞት ወዲህ የሰማኋት የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጅቷ እንዲህ ካደረገች እኔ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት መለጠፍ አያቅተኝም። ሥራ አስኪያጁ ከጠሩኝ እሄዳለሁ። ደንቡን የጣስኩት እኔ ነኝ፤ የክፍሉ ቁልፍ የእኔ ነበር፣ ወንበሩንም የለቀቅኩልሽ እኔ ነኝ። የምስጋናውን ወረቀት ዛሬ ከግድግዳው አውርጄ ጠቅልዬዋለሁ፤ ነገ ከደብዳቤው ጋር ይዤው እሄዳለሁ። የሚመጣው ይምጣ። አንቺንም በትኩሳትሽ ጊዜ ልጠይቅሽ የፈራሁትን አሁን እጠይቅሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ።

እንደማልረሳሽ ለመንገር ይህን ሁሉ መጻፍ አያስፈልገኝም ነበር፤ ሰው አካሉን አይረሳም። ቃል የምገባልሽ ሌላ ነገር ነው፤ ሌላው ሰው እንዳይረሳሽ ነው። ሥዕሉ በተሰቀለበት ሁሉ፣ እኔም በቆምኩበት ሁሉ፣ ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም ሰው የሠሪዋን ስም እነግራለሁ። ትርንጎ አያሌው ትባላለች እላለሁ፤ የእመቤት እናት።

ባልሽ አለነ